ቅቤ የጠጣ፣ ቫርኒሽ የለበሰ

ጥር ላይ የቡና ለቀማው ሲጠናቀቅ በጌዴኦ ጓሮዎች ሌላ ሥራ ይጀመራል። ያረጁና ፍሬ የነሡ የቡና ዛፎች ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተብሎ በሰያፍ ይጎነደላሉ፤ ጉቶው አዲስ ቀንበጥ እንዲያወጣ ነው። የተቆረጠው ግንድና ቅርንጫፍ ወደ ምድጃ ወይም ወደ አጥር ይሄዳል። ከመካከሉ ግን ምድጃ ሲገባ የሚያስቆጭ አይጠፋም፦ ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወፍር፣ ነጣ ብሎ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት። በወጉ ደርቆ ልጣጩ ከተገፈ ጥሩ ዱላ ይወጣዋል።

ቆርጦ መላጡን ብዙ ሰው ይችልበታል። ክርክሩ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ቅቤ ይቀባ፣ ጭስም ይጠጣ ይላል። ሌላው የኑግ ዘይት ይመርጣል፤ ሦስተኛው ሰም። የከተማ አናጺ ደግሞ ቫርኒሽ ደርቦበት በሁለት ቀን ለሽያጭ ያደርሰዋል። አራቱም የሚሟገቱለት እውነት አላቸው፤ ችግሩ እያንዳንዱ የራሱን እውነት ለሁሉም ዱላና ለሁሉም አገር ማድረጉ ነው። ለአፋር በረሃ የሚበጅ ቅብ ለይርጋጨፌ ጭጋግ አይበጅ ይሆናል።

ስለዚህ ከአየሩ መጀመር ይሻላል። የጌዴኦ ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ በሞያሌ መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማዋ ተነሥቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ መንገደኛ ቡናውን ከኋላው ትቶ ቀርከሃና ገብስ ወዳለበት ደጋ ይገባል። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንዱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሌላው ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጥቅምት። በመካከሉ ያለው በጋ ደረቅ ነው።

እንጨት ተቆርጦ ከደረቀ በኋላም ከአየሩ እርጥበት መሳቡንና መልሶ መስጠቱን አያቆምም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን በእንጨቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ አየሩ ወደ 50 በመቶ ሲደርቅ ወደ 9 ይወርዳል። ዱላው በዝናብ ወቅት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ ይህ መመላለስ ነው የሚሰነጥቀው። ውሃው ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ደግሞ ሻጋታና አበስባሽ ፈንገስ ይገባል። ማንኛውም ቅብ ይህን ምልልስ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። በቅቦች መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው፦ ማን ምን ያህል ያዘገያል፣ ሲጎዳስ ማን በቀላሉ ይጠገናል።

የዱላው አገልግሎትም መታየት አለበት። የሽማግሌ ከዘራ በየቀኑ ጭቃና አስፋልት ይነካል፤ እጀታው ላብ ይጠጣል። የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ አብዛኛውን ዕድሜውን ጣሪያ ሥር ያሳልፋል፣ ግን ማሕሌት ሲቆም ለረጅም ሰዓት ብብትና መዳፍ ይፈትጉታል። የጌዴኦ ጎረቤት በሆነው በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ሲንቄ ለሙሽራዋ በሠርጓ ቀን የሚሰጥ የሴቶች በትር ነው፤ በሲዳማም ሲቆ አለ። እነዚህ የክብርና የሽምግልና ምልክቶች ስለሆኑ የሚፈሩት ጭቃ ሳይሆን ነቀዝና አይጥ ነው። በሱርማዎች የዶንጋ ግጥሚያ የሚመዘዘው ረጅም በትር ደግሞ ሊመታበትና ሊመከትበት ነው የተሠራው፤ በላዩ ደርቆ የሚቀመጥ ብርጭቆ መሰል ቅብ በመጀመሪያው ምት ይረግፋል። ለአንዱ የሚስማማ ለሌላው ጉዳት ነው።

ከቅቡ በፊት እንጨቱ ራሱ አለ፤ እዚህ ላይ ጌዴኦ ጸጋ አለው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተካሄደው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው በሐውልቶቹ ብቻ አልነበረም፤ ትላልቅ ዛፎች እንሰቱን፣ እንሰቱ ደግሞ ቡናውን የሚያስጠልሉበት ተደራራቢ እርሻም ተቆጥሮለት ነው። በዚያ እርሻ ውስጥ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ዝግባ በአንድ ኮረብታ ላይ ይገኛሉ። ዱላ ለመሥራት ዛፍ መጣል አያስፈልግም፤ ከቅርንጫፍ ማሳሳትና ከቡና ጉንደላ የሚወጣው ይበቃል። ባህላዊ ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ጥብቅ ደኖች ግን ለዚህ ሥራ የሚታሰቡ አይደሉም።

ከሁሉም ወይራ በአገሪቱ ሁሉ የዱላ ንጉሥ መሆኑ አያከራክርም። ክብደቱ፣ የቀለሙ መጠላለፍ፣ በተፈጥሮው ምስጥና ብስባሴን መቋቋሙ ቅብ ባይነካው እንኳ ረጅም ዕድሜ ይሰጡታል። ዋንዛ ለወንበርና ለገበታ እንጂ ለዱላ ይለሰልሳል፤ ብሳናም እንዲሁ ቀላል ነው። ቀርከሃ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። የቡሌ ደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን ቆላ የሚበቅለው ሽመል ግን ውስጡ ድፍን በመሆኑ ለበትር ይመረጣል። የቀርከሃ ላይኛ ቆዳ ዘይት አይጠጣም፤ በውስጡ ያለው ስታርች ደግሞ እንጨት በል ጥንዚዛዎችን ይጠራል። መከላከያው ከቆዳው ላይ ሳይሆን ከውስጡ መጀመር አለበት፦ ሦስት ዓመት የሞላውን መቁረጥ፣ ለሳምንታት ወራጅ ውሃ ውስጥ አጋድሞ ስታርቹን ማስወጣት፣ ወይም በቦሪክ አሲድና በቦራክስ ድብልቅ መንከር። ቫርኒሽ የተቀባ ቀርከሃ ውጪው እያብለጨለጨ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ስለ ቡና እንጨት ከውበቱ ይልቅ ስለ ጤንነቱ የሚነገረው ይበልጣል። ቡናን አጠውልጎ የሚገድለው የፈንገስ በሽታ በደቡብ የቡና አካባቢዎች የታወቀ ጠላት ነው፤ ተውሳኩም በሞተው ዛፍ ልጣጭና እንጨት ውስጥ ይኖራል። የግብርና ምክሩ ግልጽ ነው፦ የታመመው ዛፍ እዚያው በቆመበት ተነቅሎ ይቃጠል። ለማገዶ፣ ለአጥር ወይም ለዱላ ተብሎ ወደ ሌላ ማሳ የተጓዘ እንጨት በሽታውን አብሮ ያጓጉዛል። ስለዚህ ቅጠሉ ጠውልጎ ከቆመ ቡና ዱላ የሚቆርጥ ሰው ምርጥ ዘይት ቢቀባውም ለጎረቤቱ ያተረፈለት ነገር የለም። የሚቆረጠው ከጤነኛው ጉንደላ ነው።

የማድረቁ ነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው፤ ብዙ ስንጥቅም የሚመጣው ከዚሁ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚሸበሸበው ከመሃል ወደ ጠርዝ ከሚሸበሸበው እጥፍ ያህል ነው፤ በብዙ ጠንካራ እንጨቶች 8 በመቶና 4 በመቶ አካባቢ። በርዝመቱ ግን ከቁጥር አይገባም። ክብ ዱላ መሃሉን እንደያዘ የሚደርቅ በመሆኑ ይህን የልዩነት ጉልበት የሚያስተነፍሰው በስንጥቅ ነው። መድኃኒቱ ፍጥነትን መቀነስ ነው። ውሃ በተቆረጠው ጫፍ በኩል ከጎኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚወጣ ሁለቱን ጫፎች በተቆረጡበት ቀን በቀለጠ ሰም ወይም በተረፈ ቀለም መድፈን ይገባል። ከዚያ ልጣጩን ሳይገፉ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማጋደም። አናጺዎች ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይላሉ፤ ለዱላ ወራት ሊበቁት ቢችሉም በጥር የተቆረጠ በየካቲት ከተቀባ ለስንጥቅ ተሰጥቷል ማለት ነው።

ቆልማማውን ማቃናት የሚቻለው ገና እርጥበት እያለው ነው። እሳት ላይ እያገላበጡ ማሞቅ እንጨቱን ያለዝበዋል፤ ሙቀቱ ሴሎቹን ያጣበቀውን ሊግኒን ስለሚያላላው ጉልበት ላይ ወይም በሁለት ችካል መካከል ተጭኖ እስኪበርድ ከተያዘ እንደተያዘ ይቀራል። የከዘራ ቆልማማ እጀታም የሚሠራው በዚሁ ምሥጢር ነው፤ በእንፋሎት ሲሆን ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይቀቀላል።

ማለስለሱ አጭር ነው። ገጠር ውስጥ ልጣጭ የሚገፈው በቢላ፣ የሚፋቀው በጠርሙስ ስባሪ ነው፤ ስለቱ ቀጭን መላጫ ስለሆነ በእጅ ላይ ካልተንሸራተተ ከብዙ መሣሪያ የተሻለ ይሠራል። በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ቦታ ከሾላ ዘመዶች የአንዱ ሻካራ ቅጠል ለዚሁ ያገለግላል። በዲላ ሱቆች የብርጭቆ ወረቀት አይጠፋም፤ ከ80 ተጀምሮ በ120ና በ180 አልፎ 240 ላይ ቢቆም ይበቃል። ከመጨረሻው ወረቀት በፊት ዱላውን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ ማድረቅ የተኛውን የእንጨት ክር ያስነሣዋል፤ ይህን ያላለፈ ዱላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ጺም ያወጣል።

አሁን ወደ ቅቡ።

ቅቤ የጠጣ ዱላ ሲባል አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ የሚገባው ነገር አለ፤ ያ ዝና ያለ ምክንያት አልመጣም። በባህላዊው አሠራር ዱላው እሳት ዳር ይሞቃል፤ ሲሞቅ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ይወጣል። ትኩሱ እንጨት ላይ የቀለጠ ቅቤ ወይም ሞራ ይታሻል። እንጨቱ ሲበርድ የቀረው አየር ተሰብስቦ ስቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከዚያ ምድጃ በላይ ጣሪያ ሥር ይሰቀላል። ጭሱ ፌኖልና ፎርማልዲሃይድን የመሰሉ ውሁዶች አሉት፤ ሥጋ በጭስ የማይበላሸው፣ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ የሚታጠኑት በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ሻጋታና ነፍሳት አይወዱትም። በዚህ መንገድ የተሠራ ዱላ ቀስ እያለ ወደ ጥቁር ቡናማ ይዞራል፤ እጅ በየቀኑ ያሸዋል፤ ከዓመታት በኋላ የሚያወጣው ጥልቅ ወዝ ከቆርቆሮ ጣሳ የሚገኝ አይደለም።

አየርላንዶችም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ዘዴ ላይ ደርሰዋል። ሺሌላ የሚባለው ዱላቸው በእሾሃማ ቁጥቋጦ እንጨት ይሠራል፤ በቅቤ ወይም በስብ ታሽቶ በጭስ ማውጫ ውስጥ ለወራት ይሰቀል ነበር፤ ጥቁር ወዙ ከጥላሸትና ከስብ የመጣ ነው። ዝናብ የሚበዛባቸው አገሮች ስብና ጭስ ላይ መገናኘታቸው አጋጣሚ አይመስልም።

ሆኖም ቅቤ ያለው ድክመት በቅንነት መነገር አለበት። የቅቤ ስብ በአየር ውስጥ ጠጥሮ አይደርቅም። እንጨቱ ውስጥ እንደ ቅባት ይቀመጣል፣ በሙቀት ይላላል፣ ሲቆይ ይከረፋል። ጭሱ በሌለበት ቤት፣ በሲሚንቶ ወለልና በኤሌክትሪክ ምድጃ ዘመን፣ ቅቤ ብቻ የተቀባ ዱላ አቧራ ይሰበስባል፤ እርጥብ ጥግ ከቆመ ይሻግታል፤ ሽታው አይጥ ይጠራል። የጥንቱ አሠራር ሁለት ክንፍ ነበረው፤ ከተማ የወሰደው አንዱን ብቻ ነው። ምድጃ ያለው ቤት ሁለቱንም ይጠቀም፤ የሌለው ቅቤውን ለወጡ ይተው።

የዚህ ዳሰሳ ሚዛን ወደ ኑግና ተልባ ያደላል፤ ምክንያቱም ሁለቱ የሚደርቁ ዘይቶች ናቸው። በሚደርቅ ዘይትና በማይደርቅ ዘይት መካከል ያለው ልዩነት የተነነ ውሃ ጉዳይ አይደለም። የተልባ ዘይት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ጠጣር ይሆናሉ፤ አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ለመቶዎች ዓመታት ቀለማቸውን የበጠበጡት በዚሁ ነው። የኑግ ዘይት ከተልባ ቢዘገይም በዚያው ጎራ ይመደባል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የበቀለው ኑግ ዘይት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሊኖሌይክ የሚባለው ያልተሟላ ስብ ነው፤ ለመድረቅ የሚያበቃውም እሱ ነው። ኑግ የኢትዮጵያ ልጅ ነው፤ ተልባም በደጋው ሁሉ ይዘራል። ለዱላ ቅብ ከውጭ የሚመጣ ምንም ነገር የግድ አያስፈልግም።

ጥንቃቄው በሱቅ ነው። ከውጭ ገብቶ በጀሪካን የሚሸጠው የፓልም ዘይት አይደርቅም፤ ዱላ ላይ ሲቀባ ዓመቱን ሙሉ እንደተጣበቀ ይኖራል። የሱፍ ዘይት በመካከል ነው። ኑግ ተብሎ የተሸጠ ሁሉም ኑግ አይሆንም። መፈተኛው ወጪ የለውም፦ አንድ ጠብታ በመስታወት ላይ እጅግ ስስ አድርጎ አሽቶ ብርሃንና ነፋስ ባለበት ለሁለት ሳምንት ያህል መተው። ቆዳ ከያዘና ጣት ካልተጣበቀበት ለዱላ ይሆናል። እንደ መጀመሪያው ቀን የሚያንሸራትት ከሆነ ወደ ወጥ ቤት ይመለስ።

አቀባቡ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ዘይቱን በሙቅ ውሃ ላይ ለብ አድርጎ በጨርቅ ማሸት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከጠጣ በኋላ ያልገባውን በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ መጥረግ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ወፍራም ቅብ የተሻለ ይመስላቸውና ሳይጠርጉ ይተዉታል፤ የላይኛው ሽፋን ይሸበሸባል፣ ታቹ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። የአውሮፓ አናጺዎች ለተልባ ዘይት የቆየ ልማድ አላቸው፦ ለሳምንት በየቀኑ፣ ለወር በየሳምንቱ፣ ለዓመት በየወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንድ ጊዜ። ይህ ለከዘራ የተጋነነ ነው። ሦስት ወይም አራት ስስ ቅብ፣ በመካከሉ ቀናት እየሰጡ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ከተሠራ ለጌዴኦ ይበቃል። በዝናብ ወቅት እያንዳንዱ ቅብ ይዘገያል።

ዘይት የነካ ጨርቅ እንደ ቆሻሻ ተጠቅልሎ ጥግ መጣል የለበትም። ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ጨርቁ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1991 ፊላደልፊያ ከተማ ውስጥ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለ 38 ፎቅ ሕንጻ የተቃጠለው እድሳት ላይ የነበሩ ሠራተኞች የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ 22ኛ ፎቅ ላይ ትተው በመሄዳቸው ነበር፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ጨርቁን ዘርግቶ ውጭ ማስጣት ወይም ውሃ ውስጥ መንከር በቂ ነው። የእንጨት ብናኝና የቡና ገለባ ባለበት ጓዳ ውስጥ ይህን መዘንጋት ዱላ ብቻ አያስከፍልም።

ሰም ብቻውን ለዱላ ያንሳል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ናት፤ ሰሙም አብሮ አለ፤ ሽታው ደስ ይላል፤ ወዙም ለስላሳ ነው። ግን እንጨቱን ዘልቆ አይገባም፣ ውሃ ሲያርፍበት ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፣ በእጅ መታሸት ይሳሳል። ቦታው ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ነው። አንድ እጅ ሰም ከአራት እጅ የተልባ ወይም የኑግ ዘይት ጋር የሚቀልጠው በሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ነው፤ ሰም 64 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚቀልጥ እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ ለአደጋ ካልሆነ ትርፍ የለውም። ሲበርድ እንደ ለጋ ቅቤ የሚረጋው ቅባት ለመቋሚያም ለከዘራ እጀታም ይሆናል። ሞራ ወይም ፓራፊን የተቀላቀለበት ሰም ገበያ ላይ አይጠፋም፤ በጣት ሲታሽ የሚቀባባና የማር ሽታ የሌለው ከሆነ መጠርጠር ነው።

ቫርኒሽ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ ገበያው በእጁ ነው። ያብረቀርቃል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ገዢ ይማርካል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ወይም ቢሮ ጥግ ለሚቆም በትር ጥሩ ነው። ለሚረገጥበት ዱላ ግን የተሳሳተ ምርጫ ነው። ቫርኒሽ በእንጨቱ ላይ የሚቀመጥ ቆዳ ነው፤ ድንጋይ ሲነካው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የገባው ውሃ ደግሞ በቀሪው ቆዳ ታፍኖ ቶሎ አይወጣም። ቅቡ ይነጣል፣ ይነሣል፣ ሥሩ ይጠቁራል። ዘይት የጠጣ ዱላ ሲጫር ጭረቱን በጨርቅ አሽቶ ማለፍ ይቻላል፤ ቫርኒሽ የለበሰው ግን ሙሉ በሙሉ ተፍቆ እንደገና ካልተቀባ መጠገኛ የለውም። ላብ ያለበት መዳፍም በፕላስቲክ መሰል ገጽ ላይ ይንሸራተታል፤ ከዘራ የያዙ አዛውንት ለዚህ ሲባል መውደቅ የለባቸውም።

የቤት ዕቃ ሠሪዎች ጎማላካ የሚሉት፣ ከሕንድ ነፍሳት ሙጫ የሚገኘው ቅብ፣ በአልኮል ይሟሟል፤ ለወንበር ጀርባ ያምራል። በዱላ ላይ ውሃ ያነጣዋል፣ አረቄ ቢፈስበት ደግሞ ይለቃል፤ ባለቤቱ ምን እንደጠጣ የሚያሳብቅ ቅብ ነው። በደማቅ ቀለም የተቀቡ ዱላዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ይታወስ፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ገድባለች። ከዚያ በፊት የተመረተ ጣሳ ከዕቃ ቤት አውጥቶ ልጅ የሚይዘውን፣ አፉም የሚያደርገውን በትር መቀባት አይገባም።

የቅብ ክርክር ሁሉ ግንዱ ላይ ሲያተኩር ዱላ የሚበሰብሰው ከታች ነው። የታችኛው ጫፍ እንጨቱ ቀዳዳዎቹን እንደ ሺህ ቀጫጭን ቧንቧ ከፍቶ ጭቃ ውስጥ የሚቆምበት ነው። ማንኛውም ሠሪ ለአካሉ ከሚያጠፋው ጊዜ ሩቡን ለዚህ ጫፍ ቢያውል ዱላው እጥፍ ይኖራል ብሎ መናገር ድፍረት አይሆንም። ጫፉን ሌሊቱን ሙሉ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ አቁሞ ማሳደር፣ ዘይቱ ሲደርቅ በቀለጠ ሰም ማጥገብ፣ ከዚያ ቀለበት ማልበስ። ተራ ብረት ታኒን ካለው እንጨት ጋር ውሃ ሲያገኝ ጥቁር ቀለም ይፈጥራልና ነሐስ ወይም መዳብ ይሻላል። ከሥሩ የተደፈነ ቆብ ውሃ ካጠራቀመ ከእርዳታው ጉዳቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ወይ በሰም ተሞልቶ መግባት ወይ ከሥሩ ክፍት መሆን አለበት። በከተማ አስፋልት ለሚሄድ አዛውንት የጎማ ጫፍ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሲያልቅ ይለወጣል።

እጀታ ላይ ቆዳ ወይም ከእንሰት የሚወጣ ቃጫ መጠምጠም ያምራል፣ ጌዴኦ ውስጥ ቃጫ መፈለግም አያስቸግርም። ጥምጣሙ ከረጠበ ግን እንጨቱን እንደ እርጥብ ፎጣ ይዞ ይቆያል። ከሥሩ ያለው እንጨት ቀድሞ ዘይት መጠጣት አለበት፤ ዝናብ የመታው ዱላም ጥምጣሙ እስኪደርቅ ከግድግዳ ርቆ ይንጠልጠል። ምድጃ ዳር ማድረቅ ፈጣን ቢሆንም ስንጥቅ ይጠራል።

ከአባት የተወረሰ፣ ጢስና ላብ ያጠቆረው ዱላ በእጅ ያለው ሰው የብርጭቆ ወረቀት ከማንሣቱ በፊት ያስብ። ያ ጥቁር ገጽ ቆሻሻ ሳይሆን የዓመታት ቅብ ነው፤ ሙዚየሞችም እንዲህ ያለ ዕቃ ሲይዙ አቧራውን ያነሣሉ እንጂ ገጹን አይገፉም። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ማበስ፣ የደረቀ ከመሰለ ስስ የሰም ቅባት ማሳየት፣ ጥቃቅን ቀዳዳና ትኩስ ዱቄት ከታየ ደግሞ ከሌሎቹ እንጨቶች ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። ወደ ውጭ አገር ለዘመድ የሚላክ ከሆነ ልጣጭ ሊኖረው አይገባም፤ አውስትራሊያን የመሰሉ አገሮች የእንጨት ዕቃ ሁሉ እንዲታወጅ ያስገድዳሉ፣ ልጣጭ ወይም የነፍሳት ቀዳዳ ያለበትንም ይይዛሉ።

የቀረው ጊዜና ገንዘብ ነው። ዘይት ለመድረቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ ዱላ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ግን የዛሬውን ዱላ ለዛሬው ገበያ ይፈልጋል፤ ቫርኒሽ የሚያሸንፈው በጥራቱ ሳይሆን በዚህ ነው። ሠሪው ተወቃሽ አይደለም። መውጫ ግን አለው፦ በጥር የተቆረጠውን ለክረምት ሳይሆን ለሚቀጥለው በጋ ማሰብ፣ ብዙ ዱላ በአንድ ጊዜ ማድረቅና በአንድ ጊዜ መቀባት፤ እንዲያ ሲሆን አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሸጣል። አለበለዚያም አንድ ጊዜ ዘይት የጠጣውን ዱላ ሸጦ የቀረውን ሦስት ቅብ በትንሽ ጠርሙስ ለገዢው ማስያዝ፤ የሚቀባበትን ወር በቃል ነግሮ።